ይድረስ ለክቡር የብረት ብናኝ

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእኔን ጤና አልነግርዎትም። አፍንጫዬ ውስጥ ውለው ስለሚያድሩ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጠዋት መሐረቤ ላይ ጥቁር ሆነው ሲወጡ «አሁንም እዚህ ነዎት?» እያልኩ ነው ቀኔን የምጀምረው።

እንደሚያስታውሱት፣ ቤልት ግራይንደሩን፣ ማለትም በሚሮጥ የአሸዋ ወረቀት ቀበቶ ብረት የምሞርድበትን ማሽን፣ ቢላ ልሠራበት የገዛሁት ተፈታቶ በካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀት ነበረው። በሌዘር የተቆረጠው ላሜራ፣ ፑሌጃዎቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ስፕሪንጉ፣ ብሎኑ ከነዳዶው፣ ሮንዴላ ሳይቀር በቁጥር ተጽፏል። ከሥር ደግሞ «ሞተርና ቀበቶ ለብቻ ይገዛሉ» ይላል። ሐቀኛ ሰዎች ናቸው። የእርስዎ ስም ግን የትም የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

መገጣጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ብሎን ማጥበቅ ብሎን ማጥበቅ ነው። ቀበቶውን መሃል ለመሃል ማስሮጡ ብቻ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ላይኛው ፑሌጃ መሃሉ ላይ በስሱ ያበጠ ነው፤ ቀበቶ ደግሞ ጠባዩ ሆኖ ወደ ከፍታው ይሳባል። ከኋላ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ነካ ሲያደርጓት ፑሌጃው ዘንበል ይላል፣ ቀበቶውም ሥርዓት ይይዛል። እርስዎን ሥርዓት የሚያስይዝ ብሎን ግን አልተፈጠረም።

እስቲ ሒሳብ እንተሳሰብ። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት 250 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከጀርባው ወፍሮ ወደ ስለቱ እየሳሳ እንዲሄድ ሙሉውን ከሞረዱት ግማሹ የለም። የት ሄደ? 125 ግራም ቢላ፣ 125 ግራም እርስዎ። በዚያ ላይ ከቀበቶው የረገፈው አሸዋ አለ፤ ስለዚህ በሚዛን እርስዎ ይበልጣሉ። ጎረቤት «ምን እየሠራህ ነው?» ሲለኝ «ቢላ» እላለሁ። ለካ ያቋቋምኩት የብናኝ ፋብሪካ ነው፤ ቢላው ተረፈ ምርት ነው።

አመጣጥዎ ደግሞ! ሞተሩ በደቂቃ 2,850 ጊዜ ይዞራል። 10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ሲገጠምለት ቀበቶው በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ይሮጣል። እርስዎም በዚያው ግስጋሴ፣ ግለው፣ አየር ላይ እየነደዱ ይወርዳሉ። ያ ሰው ሁሉ በስልኩ የሚቀርጸው ብልጭታ እርስዎ ነዎት። ለክብርዎ ከሥር ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀመጥኩ። ከበድ ያሉት፣ ጨዋዎቹ፣ ቸስ እያሉ ገቡ። ደቃቆቹ ግን ባልዲውን ከላይ አይተውት አለፉ። ዓይን የማያያቸው እነሱ ናቸው፤ ሳንባ ድረስ የሚዘልቁትም እነሱ ናቸው። የማይዝገውን ብረት ስሞርድማ ክሮሚየምና ኒኬል አስከትለው ነው የሚመጡት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

ማስክ ገዛሁ። ከ100 ብናኝ ቢያንስ 95ቱን ያስቀራል የተባለለት ነው፣ ፊት ላይ ግጥም ካለ። ጺም ካለ ግን ግጥም አይልም። ስለዚህ ስንት ዘመን የተንከባከብኩትን ጺሜን ላጨሁት። በማግሥቱ ማግኔት አምጥቼ ጠረጴዛውን ጠረግ ሳደርግበት፣ እርስዎ ተነሥተው አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ቆሙበት። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ ሾል ሾል ያለ ጺም! የእኔን አስላጭተው ለማግኔቱ አበቀሉለት። (ለሌሎች ተጎጂዎች፦ ማግኔቱን መጀመሪያ ፌስታል አልብሱት። ሲጨርሱ ፌስታሉን ገልብጦ ማውለቅ ነው። ያለ ፌስታል የሞከረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲነቅል ይኖራል።) ስልኬም አልዳነ። መስሚያው ውስጥ ማግኔት እንዳለ ለመሆኑ ማን ነገረዎት? ቀዳዳዎቹ ላይ ተሰግስገው ድምፅ አሳጡት። እናቴ ስትደውል «ጉንፋን ያዘሽ እንዴ እማ?» እላታለሁ። «ኧረ ምንም አልሆንኩም፤ አንተ ነህ የማትሰማው!» ትለኛለች።

ነጩን ሸሚዜን ግራይንደሩ አጠገብ ለብሼው አላውቅም። ከሥራ ልብሴ ጋር አንድ ላይ ታጠበ፣ በቃ። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሲደርቅ ትከሻው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። እርጥበት ሲያገኙ ይዝጋሉ አይደል? ባለቤቴ ሸሚዙን ዘርግታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስምዎን ነገርኳት። «እና እሱ ነው የሚወጣው ወይስ እኔ?» አለች። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የራሱ ማራገቢያ አለው። አየር እስባለሁ ሲል እርስዎን ይስባል። ብረት ነዎትና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ሰርኪዩቱ ላይ ተኝተው ድልድይ ሆኑና ሾርት አስደረጉት። አዲሱ አይፒ 65 የሚል የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ የተጻፈበት ነው። 6ቱ አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው። አየት አድርገውት «እንተያያለን» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።

አንዱን ግን ያለ ቀልድ ልንገርዎት። ከእንጨት ብናኝ ጋር የጀመሩት ጓደኝነት ይቅርብን። አንድ ቫኪዩም ውስጥ ግለው ይገቡና እንጨቱ መሃል ተደብቀው ይጨሳሉ። እሳቱ የሚነሣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከአሉሚኒየም ብናኝ ጋርማ በአንድ ጣራ ሥር እንዳላይዎ! የብረት ዝገትና አሉሚኒየም ተደባልቀው ከተቀጣጠሉ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበት እሳት ነው የሚወጣቸው። እኔ ደግሞ ሐዲድ የለኝም።

ስለዚህ የሚከተለው መወሰኑን እንዲያውቁት ይሁን። የባልዲው ሥር ለዘለቄታው የእርስዎ ነው፤ ውሃውን እየቀየርኩ አኖርዎታለሁ። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ የጆሮዬ ውስጥና የቅንድቤ ሥር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይለቀቁ። ይግባኝ የለም።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማው ላይ ያረፈው ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ የእኔ ነው። ቀለም አልተጠቀምኩም።)

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
ለነጩ ሸሚዝ
ለሳንባዬ፣ ለመረጃ ያህል