«ይሄን ቆርቆሮ ዛሬም አልጣልከውም?»

ሰልችቶኛል። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ቡናው ሳይቀርብ ጥግ ላይ የተደረደሩትን የድሮ ኮምፒውተሮች ያይና ያችኑ ጥያቄ ይደግማል። «ይሄን ቆርቆሮ ዛሬም አልጣልከውም?» እናቴ «ልጄ ቤቱን መጋዘን አደረገው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይብስና፣ «ፕሮግራመር ሆነህ አዲስ መግዣ አጥተህ ነው?» ይለኛል። አላጣሁም። የምሠራበት አዲስ ላፕቶፕ አለኝ። እስቲ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ዋናው ማሽኔ ፔንቲየም 3 የሚባል የድሮ ፕሮሰሰር ያለው ነው፤ ዊንዶውስ 98 ተጭኖበታል። ማታ ማታ እሱ ላይ በቱርቦ ፓስካል፣ በድሮ የፕሮግራም መጻፊያ፣ ትንንሽ ፕሮግራም እጽፋለሁ። መሥሪያ ቤት የምጽፈው ኮድ ከሥሩ ስንት የሌላ ሰው ኮድ እንደተነባበረበት ማንም አያውቀውም። እዚህ ግን የጻፍኩት መስመር ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እስከ ታች ድረስ መከታተል እችላለሁ። ማስታወቂያ አይዘልብኝም፣ ቴሌግራም አይጮህብኝም። ሰው ኳስ ያያል፣ ሰው ፑል ይጫወታል፤ የእኔ ደግሞ ይሄ ነው። ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ ያለብኝ አይመስለኝም።

በሕይወት ማቆየቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ቦርድ ባትሪ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይገኛል፤ ሲ አር 2032 ካልክ ይሰጡሃል። ካፓሲተሩ፣ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ቁራጭ፣ ግን ራስ ምታት ነው። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ብዙ ቦርዶች ላይ ጥራት የሌለው ካፓሲተር ነው የተበየደው፤ አናቱ ያብጥና ያፈሳል። ልኩን ፈልጎ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ለምኖ ማስበየድ ነው። ከአሜሪካ የመጡት ማሽኖች ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው (ኃይል የሚሰጣቸው ሳጥን) ጀርባ ላይ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለች፤ 115 እና 230 ትላለች፣ ቮልት ማለት ነው። 115 ላይ እንዳለች የእኛን 220 የሰካባት ሰው አንዴ «ቷ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በቃ። ፍሎፒ፣ የድሮው ፋይል መያዣ ስስ ዲስክማ፣ አይነሳ። ሶኒ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2011 መሸጡን አቁሟል። ሱቅ ገብተህ ስትጠይቅ ልጁ ዝም ብሎ ፊትህን ያይሃል።

ይሄ ሁሉ ግን የምወደው ነገር ድካም ስለሆነ አያንገበግበኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ወገን፣ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የተጀመረው በስልክ ዘመን አይደለም። ዩኒኮድ፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ከነፎንቱ አማርኛ ይዞ የመጣው ደግሞ ቪስታ በተባለው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻው፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በኮምፒውተር ይጻፍ ነበር። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝ፣ በሌሎችም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች። እያንዳንዱ የራሱ ፎንት፣ የራሱ አቀማመጥ ነበረው።

ምክንያቱ ቦታ ነው። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። 32ቱ ለኮምፒውተሩ ለራሱ ትዕዛዝ የተያዙ ናቸው። ቢበዛ 224 ይቀርሃል። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ገና ከመነሻው አልበቃም! እነ ሏ፣ እነ ቋ፣ አራት ነጥቡ፣ የግዕዝ ቁጥሩ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለተለያዩ ፎንቶች አከፋፈለው። ሌላው ፊደሉን ገነጣጥሎ፣ ግንዱን ለብቻ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ፣ ስክሪን ላይ አገጣጠመው። ይሄን በዚያ ዘመን አስበው የሠሩ ሰዎች እጃቸው ይባረክ።

ያን ፋይል ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍተው ግን ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚወጣው። ሰዉም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። አልተበላሸም! ፎንቱ የለም እንጂ ጽሑፉ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ይለጥፈዋል። የሚበላሸው ያኔ ነው። ሁለት ፎንት ላይ ያሉ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች አንድ የቦታ ቁጥር ይጋራሉ። የትኛው ከየትኛው ፎንት እንደነበር የሚናገረው መረጃ ከጠፋ በኋላ መለየት አይቻልም። አስተማማኙ መንገድ ፋይሉን ሳይነካኩ፣ ከነፎንቱ፣ በተጻፈበት ፕሮግራም መክፈት ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ደግሞ እናንተ ቆርቆሮ በምትሉት ማሽን ላይ ነው።

በቀደም የጓደኛዬ ጎረቤት በጫማ ካርቶን ፍሎፒ ይዞ መጣ። አባቱ ጡረታ ከወጡ በኋላ የትውልድ ቀያቸውን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አርፈዋል። የመጀመሪያውን ፍሎፒ ብረቷን ገፋ አድርጌ ሳየው ቡናማው ፊልም ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። እንዲህ ያለውን ዝም ብለህ ከከተትከው ማንበቢያውንም ያበላሽብሃል። ጥጥ አልኮል አስነክቼ፣ መሐሉን በጣቴ ቀስ እያደረግኩ እያዞርኩ ጠረግኩት። አስገባሁት። ግርርር አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ግርርር አለ። ከዚያ የፋይሎቹ ስም መጣ። ፎንቱን ጭኜ ስከፍተው የአባትየው ጽሑፍ ከነርዕሱ ቁጭ አለ። ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛው ምንጭ በማን ስም እንደሚጠራ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንዳሠራው። ልጅየው መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ነው ያነበበው።

ምዕራፍ አራት መሐል ላይ አለቀ። ቀሪውስ አልኩት። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር» አለኝ። ኮምፒውተሩስ? ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ለልዋጭ ተሰጥቷል። በፕላስቲክ ሳፋ።

በሳፋ! እኚያ ሰው ዓይናቸው እየደከመ፣ ፊደል እየለቀሙ የጻፉት በሳፋ ሄደ። ልጁን አልወቅሰውም። ማን ነግሮት? ስለ አሮጌ ኮምፒውተር አፉን የከፈተ ሰው ሁሉ «ቆርቆሮ ነው፣ አውጣው» ነው ያለው።

ግለሰቡስ ይሁን። መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው የባሱት። አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘኑን ሊያጸዳ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ማሽኖቹ ኮሪደሩ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። «ማሽኑን አልፈልግም፤ ዲስኮቹን ልቅዳላችሁ፣ ቅጂው ለእናንተው ነው፣ ገንዘብም አልጠይቅም» አልኩ። ንብረት ክፍል ወደ አስተዳደር መራኝ። አስተዳደር «ደብዳቤ ይዘህ ና» አለኝ። ከማን? እኔ ድርጅት አይደለሁም! ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማኅበር ለምኜ ይዤ ስመለስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። «በጨረታ ወጥቷል» አሉኝ። በኪሎ ነው የተሸጠው። መዳቡ ይወጣል፣ ቦርዱ ይሰባበራል፣ ዲስኩ ለአልሙኒየሙ ሲባል በመዶሻ ይመታል። የስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ ጥናት እንደነበረበት «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ወረቀት ቢሆን ኖሮ መዝገብ ቤት አለ፣ ኃላፊ አለው፣ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። ብራና ተሰረቀ ሲባል አገር ይጮሃል፤ መጮህም አለበት። ዲስክ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ገና እንደ ሰነድ አልተቆጠረም። እንዴት ነው የእኛ ልጆች የወላጆቻቸውን ዘመን የሚያነቡት?

እባካችሁ፣ ለሚቀጥለው በዓል አሮጌ ኮምፒውተር ልታወጡ ከሆነ ከቆራሌውና ከልዋጩ በፊት ይቺን አድርጉልኝ። ከሶኬት ንቀሉትና የጎኑን ክዳን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ውስጡ መዳፍ የምታህል ከበድ ያለች ብረት አለች፤ ጽሑፉ ሁሉ ያለባት ዲስክ እሷ ናት። ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድና ባለ አራት ሽቦ የኃይል ገመድ ተሰክተውባታል። ሁለቱን ንቀሉ፣ ብሎኗን ፈትታችሁ አውጧት፣ የማን እንደነበረች ጽፋችሁ በወረቀት ጠቅልሉና ደረቅ ቦታ አስቀምጧት። የቀረውን ለፈለጋችሁት ስጡ። የድሮውን ከባድ ሞኒተር ግን እንዳትከፍቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል። ፍሎፒ ካላችሁም ሻጋታውን አይታችሁ እንዳትጥሉት፣ ብዙ ጊዜ ይጸዳል። ማንበቢያው አለኝ፣ ዲስኩን ከዩኤስቢ የሚያገናኘው ገመድ አለኝ፣ ፎንቶቹም አሉኝ። መፍታቱ ከከበዳችሁ ጻፉልኝ፤ መፍቻ ይዤ ራሴ እመጣለሁ።