ዳካታ የዝሆን መጠለያ አይደለም

ወንድሜ፣ «ዳካታ ሂዱ፣ በእግራችሁ ዞር ዞር ስትሉ ዝሆን ታያላችሁ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ዳካታ፣ ማለትም ተደራርበው በቆሙ ድንጋዮቹ የሚታወቀው ሸለቆ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ ካለችው ከባቢሌ ከተማ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ደግሞ ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሌላ ቦታ ነው። ዝሆኖቹ የሚውሉት እንደ ኤረርና ጎበሌ ባሉ ሸለቆዎች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። እባካችሁ ወደ መጠለያው ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) በእግር እንዳትገቡ። ልጇን የያዘች ዝሆን አትቀለድም።

ለቀላል የእግር ጉዞ ግን ዳካታን የሚያህል የለም። ቤት የሚያክል ድንጋይ በቀጭን ጫፍ ላይ ቆሞ ታያላችሁ። ሰው አልደረደረውም፤ ግራናይቱ በዝናብና በነፋስ ተሸርሽሮ ነው እንዲያ የቀረው። ከሐረር በጠዋት ውጡ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከብዳል። ባቢሌ ስትደርሱ ውሃና ኦቾሎኒ ያዙ።