ጣት ወይስ ሪዮሜትር? የዩቪ ሙጫ ክርክር ከጅማ

ነገሩ የተነሳው በአንድ የተሰበረ ስክሪን ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ የሚጠግኑ አንድ ሰው «ሙጫው መድረቁን ጣቴ ይነግረኛል» አሉ። ደንበኛቸው ደግሞ ማቴሪያል ምህንድስና የተማረች፣ ላብራቶሪ የምትሠራ ወጣት ናት። «ጣትዎ የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው» አለቻቸው። ቆመው ሊጨርሱት አልቻሉም። በጽሑፍ ቀጥሉት ሲባሉ «ስማችን ይቅር እንጂ» ብለው እሺ አሉ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የስልክ መስታወትን ከስክሪኑ የሚያጣብቀው፣ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን የሚጠነክር ሙጫ እንዴት እንደሚፈስና መቼ እንደሚጠነክር ሪዮሜትር በሚባል መሣሪያ መለካት እዚህ ከተማ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል ወይስ ቅንጦት ነው?

ከላብራቶሪ፦

ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ቃል ላይ እንጣላ። «ደረቀ» ይላሉ። ይሄ ሙጫ ግን አይደርቅም፤ የሚተን ውሃ የለውም። ውስጡ ፎቶኢኒሼተር የሚባል ኬሚካል አለ። 365 ወይም 405 ናኖሜትር ብርሃን ሲያርፍበት ይሰነጠቅና በአጠገቡ ያሉትን ሞለኪውሎች ማያያዝ ያስጀምራል። ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ሰንሰለቱም መረብ ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ያልቃል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መቼ መፍሰስ አቆመ፣ ከዚያስ ምን ያህል ጠነከረ የሚለው ነው።

ሪዮሜትር የሚያየው ይህንን ነው። ሁለት ትንንሽ ሳህኖች አሉት። የታችኛው ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ወይም ኳርትዝ ነው። መሃላቸው አንድ ሁለት ጠብታ ሙጫ ይደረጋል፤ ክፍተቱ የሚሊሜትር ሽራፊ ነው። የላይኛው ሳህን ዓይን በማያየው መጠን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሙጫው ፈሳሽ ከሆነ ውዝዋዜውን ውጦ ዝም ይላል። ከጠነከረ እንደ ጎማ መልሶ ይገፋል። መሣሪያው ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባል። ከሥር መብራቱ ሲበራ የመግፋት መስመሩ ሽቅብ ይተኮሳል፣ የመፍሰስ መስመሩንም አቋርጦ ያልፋል። ያቺ መስቀለኛ፣ በግርድፉ፣ ሙጫው ጄል የሆነባት ቅጽበት ናት። ከእሷ በኋላ ስክሪኑን ላስተካክል ቢሉ እሺ አይልዎትም። ከእሷ በፊት ጠርዙን ቢጠርጉ ደግሞ ሙጫው እጅዎን ይከተላል።

እርስዎ «አምስት ሰከንድ አበራና አረፋውን አያለሁ» ይላሉ። ለምን አምስት? ለምን ሦስት አይሆንም?

ከሱቅ፦

እህቴ፣ አምስት የሆነው በሦስት ስለተበላሸብኝ ነው።

እናቴ አብሲት ጥላ ሊጡን የምትለካው በጭልፋ ነበር። ታነሳዋለች፣ አወራረዱን ታያለች፣ በቃ። ዓይን የሌለው እንጀራ ከምጣዷ ወጥቶ አያውቅም። እኔም ጠርሙሱን ዘንበል አድርጌ ሙጫውን አያለሁ። ጠዋት ሲበርድ ይወፍራል፣ ከሰዓት ይቀጥናል። ይሄን ለማወቅ ሳህን አያስፈልገኝም።

ይልቅ መሣሪያሽ የማያየውን ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት አንድ ስልክ ሠርቼ ሰጠሁ። ጥርት ብሎ ነበር። በወሩ ተመለሰ። በጠርዙ በኩል ዘይት የነካው ወረቀት የመሰለ ጥላ ገብቷል። ስከፍተው ሙጫው እዚያ ጋ ገና ፈሳሽ ነው። ምክንያቱም መስታወቱ ዙሪያውን ጥቁር ቀለም አለው፤ ብርሃን በዚያ አያልፍም። መሃሉ ድንጋይ ሆኗል፣ የጠርዙ ግን ጥላ ውስጥ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሰርጓል። ገንዘቡን መለስኩ። ያንቺ ሳህን ጥቁር ጠርዝ አለው? የለውም። ብርሃኑ ያለ ከልካይ ይገባል፣ መስመሩም ሁሌ ያምራል።

ሌላም አለ። ጥፍር የሚሠሩ ልጆች ጄሉ ከመብራት ሲወጣ ላዩን በአልኮል ይጠርጉታል፤ ይለጠፋላ። አየር ነው ይላሉ። ያንቺ ሙጫ በሁለት ሳህን መሃል ታፍኖ አየር የነካው መቼ ነው?

ከላብራቶሪ፦

አየሩ ላይ እውነት አለዎት። ኦክስጅን ማያያዙን የሚያስኬዱትን ቅንጣቶች ይበላቸዋል፤ ላዩ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። በሳህኖቹ መሃል አየር የሚያገኘው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ስለ ተጋለጠ ገጽ ሪዮሜትር ብዙ አይናገርም። ግን ጋሼ፣ የእርስዎ ሙጫስ የት ነው ያለው? በመስታወትና በስክሪን መሃል አይደለም የታፈነው? ከጥፍር ይልቅ የኔን ሳህን ይመስላል። ይቺን ዘለሏት።

ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ግን አልሸነፍም። መብራቱን ሦስት ሰከንድ አብርቼ አጠፋዋለሁ፣ መሣሪያው ግን መመዝገቡን አያቆምም። አክሪሌት የሚባለው የተለመደው የዩቪ ሙጫ አብዛኛው፣ ብርሃን ሲጠፋ ብዙም ሳይቆይ መጠንከሩን ያቆማል። በሌላ መንገድ የሚያያዙ አንዳንድ የኢፖክሲ ዓይነቶች አንዴ ብርሃን ካገኙ በጨለማም መጠንከራቸውን ይቀጥላሉ። ሙጫዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካወቁ፣ ለጠርዙ በጎን በኩል ትንሽ ማብራት ይበቃ እንደሆነ ወይም መደጋገም እንዳለብዎት ያውቃሉ።

እናትዎን አልነካም። ግን ማሟሻ ነበራቸው አይደል? ምጣዱና ሊጡ የሚፈተኑባት የመጀመሪያዋ እንጀራ። የእርስዎ ማሟሻ የሰው ስልክ ነው። ደግሞ አንድ ሙጫ ሲያልቅ ያንኑ ማርክ መልሰው ያገኛሉ?

መሣሪያው አይሳሳትም አላልኩም። አንድ ቀን መስመሩ ሽቅብ ወጣና ቆይቶ ቁልቁል ወረደ። ሙጫው መልሶ ለሰለሰ ብዬ ግማሽ ቀን ምክንያት ፈለግሁ። ለካ ምንም አልለሰለሰም። አክሪሌት ሲያያዝ ይኮማተራል፤ እኔ ደግሞ ክፍተቱን ቆልፌው ነበር። ስቦ ስቦ ከላይኛው ሳህን ተላቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ አብሮት ዝቅ እንዲል እለቀዋለሁ። አፈርኩ፣ ግን ተማርኩ። ያ መኮማተር ቀጭን ስክሪንዎንም ይስባል። መሣሪያው በምን ያህል ጉልበት እንደሚስብ ይነግረኛል። ጣት አይነግርም።

ከሱቅ፦

በማሟሻዋ መታሽኝ፣ እሺ። ግን ነገርሽ በራስሽ ይዞራል። ማርኩ በየጊዜው ከተቀየረ ያንቺም ልኬት በየጊዜው ያረጃል። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ላብራቶሪ ልመላለስ? መሣሪያውን ልግዛ ብል ደግሞ ሱቄ ከነጎረቤቱ ቢሸጥ አይበቃም።

የእህቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርስ የሚሞሉበት ነገርም በብርሃን ነው የሚጠነክረው፣ በሰማያዊ። ዓለም አቀፍ መስፈርት አለው፣ አይኤስኦ 4049። ብርሃኑ እስከ ምን ጥልቀት እንዳጠነከረው እንዴት እንደሚለኩ ስሚ። ቀዳዳ ያለው ቅርጽ ውስጥ ይሞሉታል፣ ከአንድ ወገን ያበሩበታል፣ ያወጡታል። ያልጠነከረውን በፕላስቲክ ስፓቱላ ፍቀው ይጥላሉ። የቀረውን ርዝመት ለክተው ለሁለት ያካፍላሉ። አለቀ! የሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር በመፋቅ ከተለካ የኔ ስክሪን ምን ቤት ነው?

ከላብራቶሪ፦

ጥሩ አመጡ። ለሁለት የሚካፈለውም ከመፋቅ የተረፈው ሁሉ በደንብ የጠነከረ ስላልሆነ ነው። ይፋቁ፣ እኔም ደስ ይለኛል። መፋቅ ግን መጨረሻውን ያሳያል እንጂ መንገዱን አያሳይም።

አሁን ሌላ ጥያቄ። የሚቀየረው ሙጫው ብቻ ነው? መብራትዎስ? ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ብርሃን አይደለም። የሚደርሰው የሚለካው በሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር ነው። 20 ሚሊዋት ለ10 ሰከንድ ካበሩ 200 ሚሊጁል ይሆናል። 2 ሚሊዋት ለ100 ሰከንድም ያው 200 ነው። በወረቀት እኩል ናቸው። ሪዮሜትር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መስመር አይሰጡም። ስለዚህ ለደከመ መብራት ሰከንድ መጨመር ሁልጊዜ አያድንም። ኤልኢዲ ሲግልና ሲያረጅ ይደክማል፣ መብራቱን ትንሽ ከፍ ካደረጉትም ብርሃኑ ይሳሳል። የሚያዩት ሐምራዊ ቀለም አያስተማምንም፤ ዓይን ዩቪውን አያየውም። (ደግሞም አፍጥጠው አይዩት፣ እባክዎ።)

ከሱቅ፦

ቆይ። ይሄኛው ገባኝ።

መብራቴ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሲገዛ ሦስት ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በሦስት መበላሸት ጀመረ፣ አምስት አደረግሁት። ሙጫው ነው ብዬ ስንቴ ሻጩን ሰድቤዋለሁ። ማርክ የቀየርኩትም በዚህ ነው።

ሪዮሜትርሽ ላብራቶሪው ይቀመጥ። የብርሃን መለኪያ ካለሽ ግን ይዘሽ ነይ። መብራቴን እንለካው፣ ሙጫና መፋቂያ እኔ ጋ አለ። ሐሙስ ብቻ አይሁን፣ ሱቁ ሰው ይበዛበታል።