ተማሪው የሚጠብቀው ቪዲዮ ሳይሆን መልስ ነው

አንድ መምህር ስላይድ እያነበበ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ይቀዳል። ይጭነዋል። ትምህርቱ ተሰጠ ይባላል። ተማሪዋ ትከፍተዋለች፣ አሥር ደቂቃ ታያለች፣ ስልኳ ይጠራል፣ ሐሳቧ ይሄዳል፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ተመልሳ በእጥፍ ፍጥነት ትሮጥበታለች። ለእኔ ይሄ ማስተማር አይደለም። ፋይል መላክ ነው።

ኦንላይን ትምህርትን ጠልቼ አይደለም ይህን የምለው። ተምሬበታለሁ፣ አስተምሬበታለሁም። በደንብ ከተሠራ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚያጠና፣ ሕፃን ለምታሳድግ፣ ከዩኒቨርሲቲ ርቆ ለሚኖር ሰው በር ይከፍታል። በዘፈቀደ ሲሠራ የሚያንገበግበኝም ለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችን ስለ ኦንላይን ትምህርት ያለን ስሜት የመጣው ከኮሮና ጊዜ ነው። ያ ግን ጥድፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቻርልስ ሆጅስና ባልደረቦቹ እንደጻፉት፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ዝግጅት ይፈልጋል። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ መምህራን ያገኙት ጥቂት ቀናት ነው። በዚያ መዝነን ዘዴውን በሙሉ መኮነን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? ጥሩ ይዘት ነው እንዳንል ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በስታንፎርድ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በነፃ ለተከፈተ ኮርስ ወደ 160 ሺህ ሰው ተመዘገበ። በዓመቱ ኮርሴራና ኤዴክስ የሚባሉ የኦንላይን ኮርስ መድረኮች መጡ። ጎበዝ መምህራን፣ ጥሩ ቪዲዮ፣ ክፍያ የለም። ሆኖም ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ-ቫሊየንቴ በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በኤምአይቲና በሃርቫርድ የኤዴክስ ኮርሶች በ2017–18 ከተመዘገቡት ሰዎች የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በእርግጥ ብዙዎቹ ለማየት ያህል የገቡ ናቸው። ግን ለሰርተፍኬት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልጨረሱም።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንመለስ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ1971 ነው። ኢንተርኔት የለም። የነበረው በፖስታ የሚላክ ጽሑፍ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ነገር ግን ተማሪው የጻፈውን አሳይመንት አንብቦ፣ አርሞ፣ አስተያየት ጽፎ የሚመልስለት አስጠኚ ነበረው። ይህ ነገር ነው በየዘመኑ ቴክኖሎጂው ሲቀየር የምንረሳው። ማይክል ሙር የሚባል የርቀት ትምህርት ምሁር ርቀት ማለት ኪሎሜትር አይደለም ይላል፤ በመምህሩና በተማሪው መካከል ያለው ንግግር ሲያንስ ነው ርቀቱ የሚሰፋው። በሦስት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪም ሩቅ ነው።

ስለዚህ ከመምህሩ የሥራ ሰዓት ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት ቀረጻው ሳይሆን ግብረ መልሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የተላከ አሳይመንት በዘጠነኛው ሳምንት "14 ከ20" ተብሎ ሲመለስ ተማሪው ምን ይማርበታል? ስህተቱን ረስቶታል፣ ኮርሱም ሌላ ቦታ ደርሷል። በአራት ቀን ውስጥ "ያቀረብከው ማስረጃ ጥሩ ነው፣ ግን ድምዳሜህን አይደግፍም፤ ሁለተኛውን አንቀጽ እንደገና ጻፈውና ላክልኝ" ብትሉት ግን ቁጭ ብሎ ይሠራል። አንዴ ለሁለት ሳምንት ድምፁ ለጠፋ ተማሪ ሦስት መስመር መልእክት ላክሁለት። ወቀሳ አልነበረበትም፣ የት እንደደረሰና ምን እንደከበደው ብቻ ነው የጠየቅሁት። በማግስቱ ተመለሰ። ያቋረጠው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን አንድ ምዕራፍ አልገባው ብሎ፣ ለማን እንደሚናገር ጠፍቶት ነው።

የቪዲዮው ነገር ብዙ አያከራክርም። በ2014 የወጣ የኤዴክስ ጥናት ተማሪዎች ቪዲዮ ላይ የሚቆዩት ከ6 ደቂቃ ብዙም እንደማያልፍ አሳይቷል። አጭር አድርጉት። ዋናው ግን ከቪዲዮው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ግን ከሳምንት በኋላ በለጡ። ደጋግሞ ማየት የገባን ያስመስለናል፣ እውቀቱ የሚቀመጠው ግን ከራሳችን ጎትተን ስናወጣው ነው።

በቀጥታ ክፍለ ጊዜም እንደዚያው። "ጥያቄ አለ?" ስትሉ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ካሜራቸውን ያጠፉት ተማሪዎች ጥቁር ሳጥኖች ብቻ ይታያሉ። ካሜራ አብሩ ብሎ ማስገደዱን አልወደውም፤ ሰው ቤቱን የማያሳይበት ምክንያት አለው፣ ኔትወርኩም አይችል ይሆናል። ይልቅ "ሁላችሁም መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ላኩ እስክላችሁ ግን አትላኩ" በሏቸው። አንዱ የሌላውን ሳያይ ሁሉም ያስባል። ከዚያ ሁለት ሦስቱን መልስ አንስታችሁ ስትወያዩ ዝም ያለው ክፍል ሰው እንዳለበት ይታያል።

ይህ ሁሉ ሰዓት ይፈጃል፣ እውነተኛው ጠብ ያለውም እዚህ ላይ ነው። አስተዳዳሪዎች ኦንላይን ሲባል ወንበር ስለማያስፈልግ አራት መቶ ተማሪ በአንድ መምህር ላይ መጫን ይቀናቸዋል። ቪዲዮ ለአራት መቶም ለአራት ሺህም ይበቃል። አንብቦ መመለስ ግን አይበቃም፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱን ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ሲስተም ሊገዛ በተሰበሰበ ኮሚቴ ፊት ብቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል፣ የተማሪውን ጽሑፍ ለሚያነብበት ሰዓትስ ይከፈለዋል ወይ የሚለውን ነው።