ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው፣ ሻሼ እንኳን አልደረቀም። የጅማ ዝናብ ጃንጥላ የረሳ ሰው አድኖ ነው የሚዘንበው። ካልጻፍኩት ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ልጄ "የታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ አንብበህ ና" ተባለ። አበበ ቢቂላን መረጠ። ይዤው ወደዚያችው ላይብረሪ። (አዎ፣ ባለፈው "መታወቂያ አምጪለት" ያሉን። ለአስር ዓመት ልጅ!)

"ለማን ነው?" አለችኝ የላይብረሪዋ ሠራተኛ።

"ለልጄ።"

"እህቴ፣ የሕይወት ታሪክ ለአዋቂ ነው። ለልጅ ተረት አለ።"

"ተረቱን ጨርሶታል። በእውነት የኖረ ሰው ነው የሚፈልገው።"

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በስክሪፕቶዋ ወደ ጥግ ጠቆመችኝ። ሄድን። በእርዳታ የመጣ እንግሊዝኛ ብቻ! ጆርጅ ዋሽንግተን አራት ኮፒ። በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ የለችም። ጅማን ከ50 ዓመት በላይ የገዙት አባ ጅፋርም የሉም፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ ቆሞ እያየነው። "ልጅ እያሉ ምን ይጫወቱ ነበር?" ሲለኝ ከአምና ጀምሮ እየዋሸሁት ነው።

አበበ ግን አለ! መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎበት። ልጄ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ "ማሚ፣ ያውልሽ!" ይላል።

"ቁልፉስ?"

"የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።"

"መቼ ይመለሳል?"

"እሱን ስብሰባው ነው የሚያውቀው።"

"ለምን ትቆልፉበታላችሁ ግን?"

"ልጆች ያቆሽሹታል።"

እውነቷን ነው፣ ማንም ያላነበበው መጽሐፍ እንዴት ይቆሽሻል! ቀጥላ ደግሞ "ጎግል ላይ ፈልጊለት" አትለኝም? ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከኋላዬ የቆሙት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ንዴቱ የመጣብኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ባለባጃጁም ዝናብ ነው ብሎ እጥፍ ተቀበለኝ፣ የሱን ሌላ ቀን።

በመጨረሻ ራሴ ነገርኩት። አበበ በልጅነቱ እረኛ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። "ያለ ጫማ?"

አሁን ይኸው ጫማውን አውልቆ ግቢውን እየዞረ ነው፣ በዚህ ጭቃ። ካልሲውን ግን አላወለቀም።