የአልዛይመርን ነገር ከጓዳውም እንየው

ስለ አልዛይመር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው አሚሎይድ ቤታ የተባለው፣ ከነርቭ ህዋሳት ውጭ የሚጠራቀመው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብ የተሰኘው መድኃኒት ይህን ክምችት ይቀንሳል። በ18 ወራት ሙከራ ግን የሕሙማንን መዳከም ያዘገየው በ27 በመቶ ገደማ ነው። የሚወዱት ሰው ስማቸውን እየረሳባቸው ላሉ ቤተሰቦች ጥቂት ወራትም ብዙ ናቸውና አላቃልለውም። ደጁ ተጠርጎ ቤቱ መፍረሱን ካላቆመ ግን ጓዳውን፣ ማለትም የህዋሱን ውስጥ፣ መፈተሽ ግድ ነው።

አንጎል የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ በእረፍት ጊዜ 20 በመቶ ያህሉን ኃይል ይወስዳል። አብዛኛውን የሚያመነጩት በየህዋሱ ውስጥ ያሉት ማይቶኮንድሪያ ናቸው። እነሱም ያረጃሉ፣ ይጎዳሉ። የነርቭ ህዋስ ደግሞ አይከፋፈልም፤ ጉድፉን ለልጅ ህዋሳት አካፍሎ መገላገል አይችልም። ካላጸዳ ከነጉድፉ ይኖራል።

የጽዳቱ ሥርዓት ማይቶፋጂ ይባላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ይደንቃል። ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ፒንክ 1 የተባለውን ፕሮቲን ወደ ውስጥ ስቦ ይቆርጠዋል። ሲጎዳና በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ሲወድቅ ግን መሳብ ያቅተዋል። ያኔ ፒንክ 1 ደጃፉ ላይ ይከማችና ፓርኪን የተባለውን ኢንዛይም ይጠራል። ፓርኪን ዩቢኩዊቲን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ምልክት ያደርግበታል። ምልክት የተደረገበትን ማይቶኮንድሪያ አንድ ከረጢት ይጠቀልለዋል፤ በመጨረሻም የህዋሱ መፍጫ የሆነው ላይሶሶም በአሲዱና በኢንዛይሞቹ ይፈጨዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኔቸር ኒውሮሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በአልዛይመር ሕሙማን ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ይህ ጽዳት መዳከሙን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በትሎችና በአይጦች ላይ ጽዳቱን ሲያነቃቁት የእንስሳቱ ማስታወስ ተሻሻለ። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነው፦ በአይጦቹ አንጎል ውስጥ ቆሻሻ የሚለቅሙት ማይክሮግሊያ የተባሉ ህዋሳትም ውጭ ያለውን አሚሎይድ በተሻለ ማንሳት ጀመሩ። ጓዳው ሲጸዳ ደጁም ጸዳ ማለት ነው።

ታዲያ ማይቶፋጂን በመድኃኒት ማነሳሳት ብቻ ይበቃል? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪው ራልፍ ኒክሰንና ባልደረቦቹ የሕሙማንን አንጎል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ያበጡ የነርቭ ዘንጎች (ከህዋሱ አካል የሚዘረጉ ቀጭን ቅጥያዎች) ውስጥ በቅጡ ያልተፈጩ ከረጢቶች ታጭቀው አግኝተዋል። ተለቅሟል፣ ተጠቅልሏል፤ የቀረው መፈጨቱ ነው። መፍጫው በተዘጋበት ጭነት መጨመር ክምሩን ያሳድጋል እንጂ ህዋሱን አያድነውም። በዚያ ላይ ላይሶሶሞች በብዛት ያሉት በህዋሱ አካል አካባቢ ስለሆነ ከዘንጉ ጫፍ የተነሳ ጉድፍ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ በአልዛይመር ጊዜ በነርቭ ህዋስ ውስጥ የሚቋጠረው ታው የተባለ ፕሮቲን ደግሞ መንገዱን ያውካል።

ስለዚህ በሰው ላይ የሚደረጉ ሙከራዎች አስቀድመው እንዲመልሱ የምጠይቀው፣ በዚህ ሕመምተኛ የተበላሸው ምልክት ማድረጊያው ነው፣ መጓጓዣው ነው ወይስ መፍጫው የሚለውን ነው። ለሦስቱም አንድ ኪኒን መስጠት ተስፋ ያለውን ሐሳብ ገና በጠዋቱ ማባከን ነው። ማይቶኮንድሪያን ያድሳሉ ተብለው የሚሸጡ እንክብሎችም በሰው ላይ አልዛይመርን ማቆማቸው አልተረጋገጠም። የጨነቀው ቤተሰብ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ሊነገረው ይገባል።