ዘንዶው ይለፍ፣ ልጅቷ ትፈተሽ

በምናባዊው ዓለም ኬላ ላይ ቀን ከሌሊት ሳይታክቱ ለሚቆሙት ፈታሾቻችን እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ቃል እንኳን አለመቅረቡ ነውር ነው። ደመወዝ የላቸውም፣ ሹመትም አልጠየቁም። የሰይፍና የዘንዶ ታሪክ በመጽሐፍም ሆነ በፊልም በወጣ ቁጥር ግን ማንም ሳይጠራቸው ይሰየማሉ። ኃላፊነታቸው ከባድ ነው፤ እውነት የማይመስል ነገር ወደ ታሪኩ ሾልኮ እንዳይገባ ይጠብቃሉ።

ጥንቃቄያቸውስ! እሳት የሚተፋ፣ ወርቅ ላይ የሚተኛ፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ዘንዶ ይመጣል፤ «ይለፍ» ይሉታል። ሥሩን ነቅሎ ወደ ጦር ሜዳ የሚዘምት ዛፍ ይመጣል፤ ይለፍ። ሰው አንጠልጥሎ የሚበር ንስር፣ ሺህ ዓመት ኖሮ አንዲት ሽበት ያላበቀለ ኤልፍ፣ ሞቶ የተነሣ ጠንቋይ፣ ሁሉም እጅ ተነሥቶላቸው ያልፋሉ። ከእነርሱ ኋላ ሰይፍ የታጠቀች አንዲት ልጅ ብቅ ስትል ነው ፈታሻችን ከመቀመጫው ብድግ የሚለው። «ቆይ! ይህቺ እንኳን አልተዋጠችልኝም።» ዘንዶውን ከነክንፉ ያወረደ ጉሮሮ እርሷ ላይ ሲደርስ ይጠባል።

መጀመሪያ ክብደት ይፈተሻል። «በዚያ ክንድ ያን የሚያህል ሰይፍ?» በአውሮፓ ሙዚየሞች የሚገኙት የመካከለኛው ዘመን የጦር ሰይፎች አብዛኞቹ ሚዛን ላይ ሲወጡ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ናቸው። ፈታሻችን ይህን ክርክር በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጧጡፍ፣ በደጁ አንዲት ጉብል 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝላ ታልፋለች። የእንጦጦን ቁልቁለት ከ30 ኪሎ በላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችንም እያየ ነው ያደገው። እንጨቱን ግን መዝኖት አያውቅም። ሚዛኑ የሚሠራው ለሰይፍ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ሰይፉ በሴት እጅ ከሆነ።

ለአዛውንት ያላቸው አክብሮት ደግሞ ባህላችንን የሚያኮራ ነው። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ አራጎርን የተባለው ጀግና 87 ዓመቱ ነው። ጓደኞቹን የማረከውን ጭፍራ እያሳደደ 45 ሊግ ይሮጣል፤ አራት ቀን ሳይሞላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንደመድረስ ነው፤ ያውም ሰይፍ ታጥቆ። አጭር እግር ያለው ድንኩ ጊምሊም አብሮት ሮጧል። «ጉልበታቸውን አላመማቸውም?» ብሎ የጠየቀ ፈታሽ የለም። ብትጠይቀው «ዘሩ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ተገልጿል» ይልሃል። ተገልጿል፤ አለቀ። ለወንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይበቃዋል።

ወደ ዋናው ተከሳሽ እንምጣ። በዚሁ መጽሐፍ ኤዎዊን የተባለች የሮሃን ንጉሥ የእህት ልጅ አለች። ሕዝቡን ጠብቂ ተብላ ከዘመቻው እንድትቀር ታዘዘች፤ እርሷ ግን የወንድ ጥሩር ለብሳ፣ ስሟን ቀይራ ከሠራዊቱ ጋር ወጣች። በፔለኖር ሜዳ ላይ ንጉሡ ፈረሱ ወድቆበት ሲያጣጥር፣ የክብር ዘቦቹን ፈረሶቻቸው ደንብረው ይዘዋቸው ጠፍተዋል። የጠላት ጦር መሪ የሆነው የአንግማሩ ጠንቋይ ንጉሥ በክንፋም አውሬ ላይ ተቀምጦ ከአናቱ ደርሷል። ሕያው ወንድ ሊያስቆመው እንደማይችል ይፎክራል። ከፊቱ የቆመው ወታደር ይስቃል፤ የራስ ቁሩ ይወልቃል፤ የወርቅ ጸጉር ይዘረገፋል። የአውሬውን አንገት በአንድ ምት ትቆርጠዋለች። ጠንቋዩ በብረት ዱላው ጋሻዋን አድቅቆ ክንዷን ይሰብረዋል። ሊጨርሳት ሲያጎነብስ፣ እየዳኸ የመጣው ሆቢት (የልጅ ቁመት ያለው ድንክዬ ፍጡር) ሜሪያዶክ ከበስተኋላ ጉልበቱን ይወጋዋል። እርሷም በተረፋት ኃይል ተነሥታ ሰይፏን ዘውድ እንጂ ራስ በማይታይበት ቦታ ትሰነቅረዋለች። ሰይፉ ይሰባበራል፤ ጠንቋዩም ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንባቢ እዚህ ላይ ትንፋሹን ሲሰበስብ ፈታሾቻችን ደብተር ያወጣሉ። ገዳዩ ማን ነው? ምርመራው ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ እስካሁን አልተዘጋም። ሆቢቱ የያዘው አጭር ሰይፍ ከዘመናት በፊት ይህንኑ ጠንቋይ ለመውጋት የተሠራ እንደነበርና ድግምቱን የፈታው እርሱ እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል፤ እውነት ነው። «እንግዲያው የገደለው ሆቢቱ ነው፤ እርሷ ያለቀለትን ነው የነካካችው» ይላሉ። ድሉን በመቶኛ አስልተው የሚያከፋፍሉም አሉ። የተሰበረው ክንድ በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የአውሬው አንገትም በደረሰኝ አልተመዘገበም።

ቶልኪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ሌላ መጽሐፉ ባርድ የተባለ ቀስተኛ ስማውግን በአንድ ቀስት ይጥለዋል። የዘንዶው ደረት የት ላይ እንደተራቆተ በጆሮው የነገረው አንድ ያረጀ ወፍ ነው፤ ወፉም የሰማው ከሌላ ሰው ነው። «ዘንዶውን የገደለው ወፉ ነው» ያለ ፈታሽ አጋጥሞኝ አያውቅም። ባርድ ዘንዶ ገዳይ ተብሎ ንጉሥ ሆኗል፤ ወፉም መቶኛ አልጠየቀም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2019 ደግሞ ፈታሾቻችን ከምንጊዜውም በላይ ተግተዋል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም አርያ ስታርክ የምትባል ልጅ የሙታን ሠራዊት መሪ የሆነውን የሌሊቱን ንጉሥ በጩቤ የገደለችው በዚያ ዕለት ነው። ክፍሉ ከመጨለሙ የተነሣ ማን ማንን እንደሚወጋ አልታይ አለን ብሎ የዓለም ተመልካች አማርሯል። ፈታሻችንም በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ምንም አላየም፤ የልጅቷ መግደል አግባብ አለመሆኑን ግን አጥርቶ አይቷል። «ከየት መጣች? መቼ ተማረች?» አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነዋ፤ ከብራቮሱ የሰይፍ መምህር፣ ቀጥሎም ዓይኗ ታውሮ በዱላ እየተደበደበች፣ በየክፍሉ ስትማር አብሮ ሲያይ የኖረው እርሱው ነው። ጩቤውን ከአንድ እጅ ጥላ በሌላው የምትቀልብበትን ያንኑ ብልሃት እንኳን ከሁለት ዓመት በፊት ብሪየን ከተባለችው ሴት ተዋጊ ጋር ስትለማመድ አሳይታለች። ስምንት ዓመት ትምህርት ግን ለሴት የማታ ትምህርት ነው፤ አይቆጠርም።

ማኅተሙም ዝግጁ ነው፦ «ሜሪ ሱ»። ፓውላ ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1973 ስታር ትሬክ የተባለው ተከታታይ ፊልም ወዳጆች በሚያሳትሙት አንድ አነስተኛ መጽሔት ላይ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመት ተኩሏ መቶ አለቃ ሆና ሁሉም የሚሰግድላትን ሜሪ ሱ የምትባል እንከን የለሽ ልጅ የፈጠረችው በጀማሪ ጸሐፊዎች ለመቀለድ ነበር። ፈታሾቻችን ቀልዱን ተረክበው ሕግ አደረጉት። ማኅተሙ ከዚያ ወዲህ ሳይደርቅ ይሠራል። ወንዱ በመጀመሪያው ቀን ሰይፍ ጨብጦ በሁለተኛው ቀን ሠራዊት ቢበትን ግን «ተመርጧል» ይባላል፤ ትንቢት አለው፣ የአባቱ ሰይፍ አለው፣ ደሙ ውስጥ አለ።

ክብደትም ትምህርትም ሲያልቅባቸው ታሪክ ይመዘዛል። «በዚያ ዘመን ሴት አልተዋጋችም።» የትኛው ዘመን? ኤልፎች በመርከብ ወደማይሞትበት ምድር የሚሄዱበት ዘመን! ይህን ከሚሉት አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ የካቲት 23 የእቴጌ ጣይቱን ፎቶግራፍ ለጥፎ ከሥሩ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ብሎ የሚጽፍ፣ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው መዝመታቸውን፣ መቀሌ ላይ ጠላት የመሸገበትን የእንዳ ኢየሱስን ውሃ በምክራቸው ማስያዛቸውን በቃሉ የሚወርድ ሰው ነው። የካቲት 24 ላይ ግን ሴት መዋጋቷ ከእውነት የራቀ ይሆንበታል። ይህን ያህል ነገር በአንድ ጭንቅላት ሳይጋጭ ማኖር ቀላል ችሎታ አይደለም፤ አደንቀዋለሁ።

ለደራሲው ያላቸው ተቆርቋሪነትም መመስገን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋላድሪኤል የምትባለው ኤልፍ በተከታታይ ፊልም ጥሩር ለብሳ ሰይፍ ስትመዝ «ቶልኪን በመቃብሩ ውስጥ ተገላበጠ» ብለው ለቅሶ ተቀመጡ። ፊልሙ በሌላ በሌላው የሚነቀፍበት ብዙ አለ፤ ንግግሩ እኔንም አንገሽግሾኛል። ሟቹ ግን ባረፈበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በጻፈው ደብዳቤ ጋላድሪኤል በወጣትነቷ የአማዞኖች፣ የግሪክ ተረት ሴት ተዋጊዎች፣ ጠባይ እንደነበራት፣ በጉልበት ውድድር ስትሳተፍም ጸጉሯን እንደ ዘውድ ትጠመጥመው እንደነበር በገዛ እጁ አስፍሯል። ተቆርቋሪዎቹ ደብዳቤውን አላነበቡም። የሟችን ሐሳብ ከሟቹ አስበልጦ ማወቅ በጸጋ የሚገኝ እንጂ በንባብ የሚመጣ አይደለም።

በኬላው ማዶ ደግሞ ሌሎች ፈታሾች አሉ፤ ምስጋናዬ እንዳይቀርባቸው። እነዚህኞቹ ለኤዎዊን እልል ያሉ ናቸው። መታሰር ብቻ እንደምትፈራ፣ እርጅና እስኪያላምዳት ከቅጥር ውስጥ ተዘግቶባት መቅረት እንደሚያስጨንቃት ስትናገር አልቅሰዋል። ችግሩ የመጣው ከድሏ በኋላ ነው። ቁስሏን ስታስታምም ፋራሚርን አገኘች፣ ወደደችው፣ ሰይፍ ይብቃኝ፣ ፈዋሽ እሆናለሁ አለች። «ከዳችን!» ተባለ። ለካ ጠንቋዩን ስትወጋ የሴቶችን ሁሉ ባንዲራ ተሸክማ ኖሯል፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። ፍቅሩ እኔንም ትንሽ ፈጥኖብኛል፤ በጥቂት ቀን ከሞት ናፍቆት ወደ ጋብቻ ቃል ኪዳን ደረሰች። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1916 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሶም ውጊያ የተረፈው ደራሲ ከሰይፍ ይልቅ አትክልት ለማብቀል ማድላቱ ብዙ አይገርምም። በዚያው መጽሐፍ አትክልተኛው ሳም ከዘመቻው ተመልሶ ያገባል፣ 13 ልጆች ይወልዳል፣ ሰባት ጊዜ ከንቲባ ይሆናል። እርሱን ሰይፉን ሰቀለ ብሎ በክህደት የከሰሰው የለም። የእርሱ ትዳር የታሪኩ መልካም ፍጻሜ ነው፤ የእርሷ ግን መማረክ ነው።

አንድ ወዳጄ ፊልሙን ሳያይ መጽሐፉን አነበበ። መጽሐፉ የኤዎዊንን ማንነት እስከ ፔለኖር ድረስ ይደብቃል፤ አንባቢ የሚያውቀው ድርንሄልም የሚባል ዝምተኛ ወጣት ፈረሰኛ መኖሩን ብቻ ነው። ንጉሡ «ቅር» ያለውን ሆቢት ሜሪያዶክን በካባው ሸሽጎ በፈረሱ ላይ የሚያፈናጥጠው እርሱ ነው። ወዳጄ ገና እዚያ ገጽ ላይ ሳለ አግኝቼው ነበር። «ይህ ድርንሄልም የሚሉት ልጅ እንዴት ያለ ልበ ሙሉ መሰለህ! የንጉሥ ትእዛዝ አላስቆመውም» አለኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ጨርሶ ተገናኘን። ፊቱ ጠቁሯል። «ልጅቷ ሥርዓት የላትም» አለ፤ «ሕዝብ ጠብቂ ተብላ ታዝዛ ጥላ መሄድ ምን የሚሉት ነው?»

«ሜሪያዶክስ? እርሱም እኮ ቅር ተብሎ ነበር።»

«እርሱማ ታማኝ ነው» አለ፤ «ጌታውን ጥሎ መቅረት አልቻለም።»